ማሪዋና፦ መድኃኒት ነው ወይስ ዕፅ? ቀላቅለን የምንከራከርባቸው ሁለት ጥያቄዎች



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ስለ ማሪዋና በተደጋጋሚ እየተጠየቅኩ ነው። «ዶክተር፣ አሜሪካ ፈቀደችው እኮ፤ ጎጂ ቢሆን ይፈቅዱት ነበር?» የሚል አለ። «ካንሰር ያድናል የሚባለው እውነት ነው?» የሚል አለ። «እኛስ ለምን አምርተን ዶላር አናገኝበትም?» የሚልም ብዙ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ርዕሱን ሲያይ ብቻ «በሐኪም ገጽ ላይ የሀሺሽ ወሬ ምን ይሠራል?» ብሎ ይቆጣል። ዛሬ ሁሉንም በአንድ ላይ ልመልስ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

በእኔ እይታ ይህ ክርክር የማያልቀው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሚደባለቁ ነው። አንደኛው «በዚህ ተክል ውስጥ መድኃኒት የሚሆን ነገር አለ ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ማንም አዋቂ ሰው ከሱቅ ገዝቶ ያጭሰው ወይ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን የሚመልሰው ምርምር ነው፤ ሁለተኛውን የሚመልሰው ሕግና ማኅበረሰብ ነው። ለአንደኛው «አዎ» ያለ ሰው ለሁለተኛውም «አዎ» የማለት ግዴታ የለበትም።

ሞርፊንን አስቡ። ሞርፊን የሚገኘው ኦፒየም ከሚሰጠው ተክል ነው፤ ሄሮይንም የሚሠራው ከዚያው ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች በካንሰር ሕመም ለሚሠቃይ ሰው ሞርፊን በልዩ ማዘዣ ይሰጣል። «ሞርፊን መድኃኒት ስለሆነ ኦፒየም በየኪዮስኩ ይሸጥ» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ኦፒየም ሱስ ስለሚያስይዝ ታማሚው እየጮኸ ይደር» ማለትስ ጭካኔ አይደለም? ማሪዋና ላይ ግን ሁለቱንም ስህተት በየቀኑ እንሰማለን። ከአንድ ወገን የታመመ ሕፃን ፎቶ እየታየ የመዝናኛ ሱቅ ይከፈት ይባላል። ከሌላ ወገን የሱቁን ፍርሃት ተገን አድርጎ የሕፃኑ መድኃኒት ይከለከላል።

ተክሉ ውስጥ ምን አለ?

ማሪዋና፣ ጋንጃ፣ ሀሺሽ ስንል የምናወራው ካናቢስ ስለሚባል አንድ ተክል ነው። ማሪዋና የሚባለው የደረቀው አበባና ቅጠሉ ሲሆን፣ ሀሺሽ ደግሞ ከሙጫው ይሠራል። በተክሉ ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከ100 በላይ ንጥረ ነገሮች አሉ። ለእኛ ጉዳይ ሁለቱ ይበቃሉ።

ቲኤችሲ ጭንቅላትን የሚያዞረው፣ ሱስ የሚያስይዘው ክፍል ነው። በ1964 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካልጻፍኩ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ራፋኤል ሜሹላምና የሒኤል ጋኦኒ የተባሉ የእስራኤል ተመራማሪዎች ነጥለው አወጡት። ሲቢዲ ሁለተኛው ነው፤ ይሄኛው አያሰክርም።

በኋላ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ተገኘ። አንጎላችን ራሱ ካናቢስ መሰል ነገር ያመርታል። በ1992 የተገኘው ይህ ንጥረ ነገር «አናንዳማይድ» ተባለ፤ ስሙ የመጣው በሳንስክሪት ቋንቋ ደስታ ማለት ከሆነው «አናንዳ» ነው። ይህ ሥርዓት የማስታወስ ችሎታን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ የሕመም ስሜትን፣ ማቅለሽለሽንና እንቅስቃሴን ይነካል። ተክሉ ሰውነት ላይ ብዙ ቦታ የሚሠራው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ብዙ ቦታ የሚታየው ለዚህ ነው።

ማስረጃ ያለው የቱ ላይ ነው?

1. ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ። በጣም ጠንካራው ማስረጃ እዚህ ላይ ነው። ድራቬት ሲንድሮም በሌሎች መድኃኒቶች የማይመለስ፣ በዘር የሚመጣ ከባድ የሚጥል በሽታ ነው። በ2017 በታተመ ጥናት 120 ሕፃናትና ወጣቶች ተሳተፉ። የተጣራ ሲቢዲ የወሰዱት፣ በወር 12 ጊዜ ገደማ የነበረው መንቀጥቀጥ ወደ 6 ገደማ ወረደላቸው። መድኃኒት የሌለበት ሽሮፕ የወሰዱት ግን ከ15 ገደማ ወደ 14 ብቻ ነው የወረደላቸው። በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን ሲቢዲ ለድራቬትና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባል ሌላ ከባድ ዓይነት አጸደቀ። ልብ በሉ፤ ልጆቹ ይህን የወሰዱት ሌሎች መድኃኒቶቻቸውን ሳያቋርጡ ነው።

2. በኬሞቴራፒ የሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ። ድሮናቢኖል የተባለ በላቦራቶሪ የተሠራ ቲኤችሲ ከ1985 ጀምሮ ለዚህ ሲታዘዝ ቆይቷል። ዛሬ የተሻሉ መድኃኒቶች ስላሉ የሚሞከረው እነሱ እምቢ ሲሉ ነው።

3. መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው የነርቭ ሕመም የሚመጣ የጡንቻ መገታተር። ቲኤችሲና ሲቢዲ የያዘ አፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት እንግሊዝ በ2010 ፈቅዳለች።

4. ለረጅም ጊዜ የቆየ ሕመም። የተወሰነ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን በኋላ የወጡ የጥናት ግምገማዎች ጥቅሙ መጠነኛ እንደሆነ ነው ያሳዩት።

ካንሰርን ያድናል የሚባለውስ? ቲኤችሲና ሲቢዲ በላቦራቶሪ ሳህን ላይና በአይጥ ላይ የካንሰር ሴሎችን የገደሉባቸው ጥናቶች አሉ። በሳህን ላይ የካንሰር ሴል የሚገድል ነገር ግን በጣም ብዙ ነው፤ በረኪናም ይገድላል። በሰው ላይ ካንሰርን እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም። ኬሞውን ትቶ ዘይት የሚጠጣ ሰው ሊድን የሚችልበትን ጊዜ እያባከነ ነው። የዓይን ግፊት ወይም ግላኮማ ላይም እንዲሁ፦ ግፊቱን ለጥቂት ሰዓታት ያወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ዓይንን ለማትረፍ ቀኑን ሙሉ ሰክሮ መዋል ሊያስፈልግ ነው።

«ዘመድ ከአሜሪካ የላከልኝ የሲቢዲ ዘይትስ?»

ይህን ጥያቄ ለብቻው ያደረግኩት ሕይወት ስላለበት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ይጠይቁኛል፦ «እህቴ ዘይቱን ልካልኛለች፤ ፌኖባርቢታሉን አቁሜ ልስጠው?»

መልሱ፦ በፍጹም አታቁሙ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ ማባሪያ አጥቶ ሊቀጥል ይችላል። ይህ ሞት ወይም ዘላቂ የአንጎል ጉዳት የሚያመጣ ድንገተኛ አደጋ ነው።

ደግሞም የሱቁ ዘይትና በጥናቱ ላይ የተሰጠው መድኃኒት አንድ አይደሉም። በ2017 ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን ገዝተው መረመሩ። በመለያው ላይ የተጻፈውን ያህል የያዘው 31 በመቶው ብቻ ነበር። በ18ቱ ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኘ። ልጃችሁን የማያሰክር መድኃኒት ሰጠሁት ስትሉ የሚያሰክረውን ልትሰጡት ትችላላችሁ ማለት ነው።

ሒሳቡንም እንሥራው። በጥናቱ የተሰጠው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን 20 ሚሊግራም ነበር። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 400 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ጠርሙሱ ላይ በጠቅላላው 600 ሚሊግራም ተጽፎ ከሆነ፣ በአንድ ቀን ተኩል ያልቃል። ሰው በጠብታ እየቆጠበ ለሁለት ወር ሲሰጠው፣ ልጁ የሚያገኘው መጠን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከዚህ ሌላ ሲቢዲ ጉበት ላይ ጫና ሊያመጣ ይችላል፤ እንደ ዋርፋሪን ያሉ የደም ማቅጠኛዎችንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ክትትል አይጀመርም።

በነገራችን ላይ፣ አብዛኛው የሚጥል በሽታ ታማሚ ሲቢዲ አያስፈልገውም። ርካሽ በሆኑት በተለመዱት መድኃኒቶች ብቻ መንቀጥቀጡ የሚቆምለት ሰው ብዙ ነው። የእኛ ትልቁ ችግር እነዚህን እንኳን ሳይጀምር የሚቆየው ታማሚ ነው። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጉዳቱን ሳናጋንን፣ ሳናሳንስ

«ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባለውን ተዉት። ትንባሆም ቅጠል ነው። እርግጥ ነው፣ ማሪዋና እንደ ሄሮይን ትንፋሽ አቁሞ አይገድልም፤ ትንፋሽን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ላይ ተቀባዮቹ ጥቂት ናቸው። ግን አለመግደልና አለመጉዳት ይለያያሉ።

ሱስ፦ ከሞከሩት ሰዎች 9 በመቶ ገደማ ጥገኛ ይሆናሉ። በአሥራዎቹ ዕድሜ የጀመሩት ላይ ቁጥሩ ወደ 17 በመቶ ይጠጋል።

የአእምሮ ሕመም፦ በ2019 በአውሮፓና በብራዚል በ11 ቦታዎች የተሠራ ጥናት፣ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ከማይጠቀሙት ጋር ሲነጻጸሩ ሳይኮሲስ የመያዝ ዕድላቸው 3 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳየ። በየቀኑ ቲኤችሲው የበዛበትን የሚጠቀሙት ላይ ወደ 5 እጥፍ ተጠጋ። ሳይኮሲስ ማለት የሌለ ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል» ማለት፣ ከእውነታ መነጠል ነው። የሚያጨስ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ግን በእሳት እየተጫወተ ነው።

«ድሮም ይጨስ ነበር እኮ» ለሚለው፦ የዛሬው የድሮው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ በተያዘ ማሪዋና ላይ በተደረገ ምርመራ በ1995 የቲኤችሲው መጠን 4 በመቶ ገደማ ነበር። አሁን በአማካይ ከ3 እጥፍ በላይ ሆኗል።

እርግዝና፦ ክብደቱ ዝቅ ያለ ልጅ ከመውለድ ጋር ይያያዛል። ለጠዋት ማቅለሽለሽ ብሎ መጠቀም አይመከርም።

የማያቋርጥ ማስመለስ፦ ለዓመታት በብዛት የተጠቀሙ አንዳንድ ሰዎች ሆዳቸውን እየቆረጣቸው ያለማቋረጥ ያስመልሳሉ፤ ሙቅ ሻወር ሲገቡ ብቻ ይሻላቸዋል። እነሱ ግን ማሪዋናው ማቅለሽለሽን የሚያስታግስ ስለሚመስላቸው ይጨምሩበታል። የሚድነው ሲያቆሙ ነው።

የሚበላው፦ እንደ ኬክና ከረሜላ የሚሸጠው ለመሥራት ከግማሽ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል። ሰው «አልያዘኝም» ብሎ ይደግማል፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጡበታል። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ልጆች ከረሜላ መስሏቸው በልተው ድንገተኛ ክፍል የሚገቡት በዚህ ነው።

ዶላሩስ?

የኢኮኖሚውን ክርክር አላጣጥልም። በቁጥር እንየው።

ኮሎራዶ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ፈቀደች፤ ሱቆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ተከፈቱ። በመጀመሪያው ዓመት 67 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ግብር ሰበሰበች፤ ከገንዘቡ የተወሰነው ለትምህርት ቤት ግንባታ ዋለ። በ2021 ግብሩ ከ420 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ከዚያስ? ሌሎች ስቴቶችም ፈቀዱ፣ ምርቱ በዛ፣ ዋጋው ወደቀ። በ2023 ግብሩ ከ280 ሚሊዮን በታች ወረደ። ገንዘቡ እውነት ነው፤ ግን የጎረቤት ሕግ ሲቀየር የሚሸሽ ገንዘብ ነው።

ወደ አፍሪካ እንምጣ። ሌሶቶ በ2017 ለሕክምና የሚውል ካናቢስ ለማምረት ፈቃድ በመስጠት ከአህጉሩ ቀዳሚ ሆነች። ዚምባብዌ፣ ማላዊ፣ ሩዋንዳና ሞሮኮ ተከተሉ። ችግሩ የት ላይ ነው? የአውሮፓ መድኃኒት ቤት የሚቀበለው በመድኃኒት ፋብሪካ ደረጃ የተመረተ፣ እያንዳንዱ ዙር በላቦራቶሪ የተፈተሸ ምርት ነው። ለዚያ ግሪንሀውስ፣ ላቦራቶሪ፣ ጥበቃና ውድ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሌሶቶ ተራራ ላይ ለትውልድ ሲያመርት የኖረው ትንሽ ገበሬ ይህን አቅም ስለሌለው ከውጭ ቆሞ ተመልካች ሆነ። ካፒታል ይዞ የመጣው ኩባንያ ገባ።

እኛ ደግሞ የራሳችን ትምህርት አለን፤ ጫት። ጫት ዶላር ያመጣል፣ ብዙ ገበሬ ይኖርበታል፣ ይህን ማንም አይክድም። እንግሊዝ በጁን 2014 ጫትን ስትከለክል ግን ያ ገበያ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። አገር ውስጥ ደግሞ የሚባክነው የሥራ ሰዓት፣ ከቤት ወጪ የሚነሳው ገንዘብ፣ የሚከተለው እንቅልፍ ማጣትና የአእምሮ ሕመም በኤክስፖርት ሒሳብ ላይ አይጻፍም። ስለ ማሪዋና ዶላር የሚያሰላ ሰው ይህን ሁለተኛ ዓምድም ይጨምርበት።

ለመፍቀድ የሚከራከሩት ወገኖች ጠንካራ ነጥብ ያላቸው በገንዘቡ ላይ ሳይሆን በፍትሕ ላይ ነው። በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ ማሪዋና የሚጠቀሙት ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው፤ ጥቁሮች ግን በማሪዋና ይዞታ የሚታሰሩት ከ3 እጥፍ በላይ እንደነበር አንድ በ2020 የወጣ የሲቪል መብቶች ተቋም ሪፖርት አሳይቷል። በአንድ ጥቅልል ሲጋራ የወጣት ሕይወት በእስር መበላሸቱ ራሱ የጤና ጉዳት ነው። በጥቁር ገበያ የሚገዛ ሰውም ምን እንደሚያጨስ አያውቅም። ይህን መስማት አለብን።

ሕጉ ላይ አትሳሳቱ

በዲሴምበር 2020 «ተመድ ማሪዋናን ፈቀደ» የሚል ወሬ በሰፊው ተሰራጭቶ ነበር። የሆነው ይህ ነው፦ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን 27 ለ25 በሆነ ድምፅ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ ካናቢስን እጅግ አደገኛና የሕክምና ጥቅማቸው አነስተኛ ነው ከሚባሉት ዝርዝር አወጣው። ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርዝር ውስጥ ግን እስከ አሁን አለ። የሕክምና በር ተከፈተ፤ የመዝናኛ ፈቃድ አልተሰጠም። አያችሁ፣ ሁለቱ ጥያቄዎች እዚህም ተለያይተዋል።

ታይላንድም አንብቡልኝ። በ2022 ካናቢስን ከዕፅ ዝርዝር ስታወጣ ሐሳቡ ሕክምና ነው ተብሎ ነበር። በቂ ሕግ ስላልነበር በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ተከፈቱ። በ2025 ወደ ሐኪም ማዘዣ ተመለሰች።

በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መሠረት ማምረትም፣ ማዘዋወርም፣ መጠቀምም ወንጀል ነው። ሻሸመኔ ያሉት የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች በእምነታቸው ቢጠቀሙትም ሕጉ የተለየ ፈቃድ አልሰጣቸውም።

አሜሪካ ያላችሁ ግሪን ካርድ ያዦች፣ ይህን በደንብ አንብቡ። ስቴታችሁ ቢፈቅድም ኢሚግሬሽን የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው። በ2019 በወጣ የዜግነት መመሪያ መሠረት መጠቀም ብቻ ሳይሆን በሕጋዊ የማሪዋና ሱቅ ተቀጥሮ መሥራትም ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል። ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ ደግሞ በሻንጣችሁ የሲቢዲ ዘይት እንኳን እንዳትይዙ፤ በኤምሬቶች እሱም የተከለከለ ነው። በሳውዲ ሀሺሽ ሲያዘዋውሩ ተያዙ የተባሉ ኢትዮጵያውያን በሞት ተቀጥተዋል። «ይህችን ዕቃ አድርስልኝ» የሚላችሁን ሰው እንቢ በሉ።

የእኔ አቋም

ስለተጠየቅኩ በግልጽ ልናገር። ለአንደኛው ጥያቄ መልሴ «አዎ» ነው። የተመዘገበ፣ መጠኑ የታወቀ፣ በጥናት የተረጋገጠ የካናቢስ መድኃኒት እንደ ሞርፊን በልዩ ማዘዣና በስፔሻሊስት ክትትል ለሚያስፈልገው ታማሚ የሚደርስበት መንገድ ቢመቻች ደስ ይለኛል። በቀን ብዙ ጊዜ የሚወድቅ ልጅ ያላት እናት መድኃኒቱን በሻንጣ በድብቅ ማስመጣት የለባትም።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ «አይ» ነው፤ ቢያንስ አሁን። የሱስ ሕክምና የሚሰጡ ቦታዎቻችን ጥቂት ናቸው፤ የአእምሮ ሐኪሞቻችንም እንዲሁ። ጫትና አልኮል ያመጡብንን እንኳን ገና አልቻልነውም። ያም ሆኖ፣ ተጠቅሞ የተገኘን ወጣት እስር ቤት ከመክተት ወደ ሕክምና መላክ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሻጩና ታማሚው በአንድ ሚዛን መታየት የለባቸውም።

በዚህ የማይስማማ ይኖራል፤ ችግር የለውም። ስንከራከር ግን መጀመሪያ «ስለ የትኛው ጥያቄ ነው የምናወራው?» እንባባል።

ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ እየተጠቀመ እንደሆነ ከጠረጠራችሁ ጩኸትና ስድብ አይረዳም። ረጋ ብላችሁ አናግሩት። የሌለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ያለ ምክንያት የሚጠራጠር ከሆነ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ራሴን እጎዳለሁ ካለ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ቶሎ የተጀመረ ሕክምና ውጤቱ የተሻለ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፤ የግል ጉዳይ ከሆነ በውስጥ መስመር። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ያላቸውን ወላጆች የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ጤና!